የፎከል የሰኞ ገመድ

ቲትስከን የበደለቻት ፎከል ናት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሴቱ ሁሉ እየሰማ፣ «የቲትስከ አንሶላ የሚሰጣው ከመታጠቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ጀርመን ሆላንድን ሲይዝ ያላለቀሰችው ቲትስከ ያን ቀን አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሰላምታም የላቸውም።

በሰሜን ሆላንድ፣ በፍሪስላንድ መንደሮች፣ ልብስ የሚታጠበው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ያጠበች ሰነፍ ናት፣ እሁድ ያጠበችማ ከሃይማኖት ወጥታለች። ሰኞ ሰኞ የሰው ሁሉ ገመና ገመድ ላይ ይውላል። ቲትስከም በመስኮቷ የፎከልን ገመድ ታያለች፤ አንዲት እድፍ ፍለጋ።

እድፍ አጣች። ሌላ ነገር ግን አገኘች።

ፎከልና ባሏ ልጅ አልወለዱም። አሁን ግን በሁለት አንሶላዎች መሀል፣ ከመንገደኛ ዓይን ተሸሽጋ፣ አውራ ጣት የምታክል ካልሲ ተሰቅላለች። በሳምንቱም እንዲሁ። ደግሞ የሳሎኑ መጋረጃ በጠራራ ፀሐይ ይዘጋ ጀመር። በዚያ አገር ቀን መጋረጃ የሚዘጋው ሬሳ ያለበት ቤት ነው።

«ማን ሞቶባት ይሆን?» አለች ቲትስከ ለራሷ። መልሱ አልጠፋትም።

የእሷማ ገመድ አያምርም። ጀርመኖች የባሕሩን ዳርቻ ሰው ካስለቀቁ ወዲህ የልጇ ልጆች እሷ ዘንድ ናቸው፤ ስድስት ጥንድ ካልሲ፣ የተጣጣፈ ሱሪ፣ ሳሙና አጥቶ የጠቆረ ሸሚዝ።

አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ለጀርመን ያደረው ፖሊስ ሹርድ መጣ።

«እማማ ቲትስከ፣ በዚህ ሰፈር አይሁድ የደበቀ አለ የሚል ደብዳቤ ደርሶናል። ከእርስዎ ዓይን ደግሞ የሚያመልጥ የለም።»

«ፎከልን ነው የጠረጠርከው?»

«እንደማትነጋገሩ ሰምቻለሁ።»

«ሦስት ዓመት።»

«እንግዲያው ይንገሩኛ!»

ቲትስከ ፈገግ አለች። «አፍ ይዋሻል፣ ገመድ አይዋሽም። ነገ ረፋዱ ላይ ና። እዚህ መስኮት ላይ ቆመህ ገመዷን ቁጠር። ከሁለት ሰው ልብስ ካለፈ የምታደርገውን አንተ ታውቃለህ።»

ሹርድ በግቢዋ የሚተራመሱትን ሕፃናት አይቶ ሳቀ። «ደግነቱ የእርስዎን ገመድ ቁጠር አላሉኝም። ያንን የሚቆጥር ዓይኑ ይጠፋል!»

አመሻሹ ላይ ጭጋጉ ቦዩን ሲሸፍነው ቲትስከ ትልቁን የልብስ ቅርጫት በጣቷ አንጠልጥላ ተነሳች።

«አያቴ፣ በእሁድ ቅርጫት?» አለች ትልቋ የልጅ ልጇ።

«ዝም በይ። የሦስት ዓመት ነገር አለብኝ።»

ፎከል በሩን ከፍታ ስታያት ፊቷ ነጣ፤ ከአንሶላዋ በላይ።

«ምን ፈለግሽ?»

«ነገ ገመድሽን ሊቆጥሩ ይመጣሉ። የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

ቲትስከ ሳትጋበዝ ገባች። በሩ ተዘጋ።

ስትመለስ ቅርጫቱን በሁለት እጇ አቅፋው ነበር።

«አለቀሰች?» አለች የልጅ ልጇ።

«ስቅስቅ ብላ!» አለች ቲትስከ፣ ደስ ብሏት።

በማግስቱ ሹርድ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ። ከመስኮቱ ቆጠረ፤ ሁለት አንሶላ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ የወንድ ሱሪ። ሄዶ አንሶላዎቹን ገለጠ። ከኋላቸው ንፋስ ብቻ ነበር። መጋረጃው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቤቱን ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት በረበሩት፤ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

«የአሮጊት ቂም ይዞ ያስሮጠኛል!» አለ ሹርድ በቲትስከ በር ሲያልፍ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለች።

ከዚያ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ገመዷ ወጣች፤ ስድስቱን ጥንድ ካልሲ ሰቀለች፣ አውራ ጣት የሚያክለውን ሰባተኛውንም አስከትላ ሰቀለች።