የብሎኬቱ ቤት ቁልፍ

ርዕሰ መምህሩ የመምህር መኖሪያ የሆነውን የብሎኬቱን ቤት ቁልፍ የሰጡት ለማይሆን ሰው ነበር። መንግሥት የመደበው ወጣት የሒሳብ መምህር የቱርካናን በረሃ አቧራ ከጫማው ሳያራግፍ ወላጆች ፍየል አርደው፣ ለሽማግሌ የሚገባውን የኋላ እግር ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ድረስ አመጡለት። የአንደኛ ክፍል መምህርቷ አኪሩ ቁልፉ በወጣቱ ጣት ላይ ሲሽከረከር በቅናት ተመለከተች። ደመወዟን የሚያዋጡላት እነዚሁ ወላጆች ነበሩ። አዲስ መምህር በመጣ ቁጥር ፍራሿን ተሸክማ ከዚያ ቤት ትወጣለች፤ እሱ ሲሸሽ ትመለሳለች።

“እግሩ የሽማግሌ ነው እኮ” አለች።

“ዝም በይ እንጂ!” አሉ ርዕሰ መምህሩ በሹክሹክታ። “እንደ ሙሽራ ካልያዝነው በነገው መኪና ይሄዳል።”

“እኔስ?”

“አንቺማ የኛው ነሽ። የት ትሄጃለሽ?”

መምህሩ አጥንቱን እየጋጠ ቀና አለ። “ለመሆኑ ጌታዬ፣ ከዚህ ዝውውር ለመጠየቅ ስንት ዓመት መቆየት ግድ ነው?”

ርዕሰ መምህሩ እንዳልሰማ ሆነው አንድ ቁራጭ ሥጋ ጨመሩለት። አኪሩ አጥብቃ የያዘችውን የትምህርት ቤቱን የደወል መምቻ ብረት ትሪው ላይ፣ ከሥጋው አጠገብ አስቀመጠችው። ሞራው ብረቱን አራሰው።

“ኧረ አኪሩ!” አሉ ርዕሰ መምህሩ። “ከሰዓት በኋላ አንደኛ ክፍልን ማን ሊይዝልን ነው?”

“ሙሽራው!” አለች። ወጥታም በሩን ዘጋችባቸው።