የሙዙ ግንድ ክርስትና

የጥምቀቱ ውሃ ነው ልጆቹን የሚገድላቸው፣ ወይስ ሞት የመረጣቸውን እያየ ነው ውሃው የሚከተላቸው? ቡላዋን ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሰንብታለች። አሁን ግን የማሰቢያ ጊዜ የላትም። የአባ ጋስፓር ዳለቻ ቀሚስ በወንዙ ዳር፣ በዝናቡ ውስጥ እየመጣ ነው።

የሙዙን ግንድ በሟች ሴት ልጇ ሽርጥ ጠቀለለችና ከጣሪያው በተንጠለጠለው የሕፃን አልጋ ላይ አስተኛችው። እናቷም እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ሞት ዓይኑ ደካማ ነው፣ ጨቅላና ግንድ አይለይም ትል ነበር። የልጅ ልጇን፣ ፈንጣጣ ፊቱን የሸፈነውን፣ ከሰሌኑ ግርዶ ጀርባ በሩዝ ቅርጫቱ ውስጥ ሸሽጋዋለች። እስካሁን ስም እንኳ አላወጣችለትም። ስም ያለውን ሞት ጠርቶ ይወስደዋል።

የአባ ጋስፓር ዓይንም ቢሆን ከሞት ዓይን አይሻልም። ከባሕር ማዶ ሲመጡ ጢማቸው እንደ ከሰል ጥቁር ነበር፤ ቋንቋውን ያስተማራቸው የእሷ ባል ነው። ዛሬ ባሏም ልጇም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተኝተዋል፤ የቀበሯቸውም እሳቸው ናቸው። ያልተጠመቀ ግን ከወንዙ ማዶ፣ ጭቃው ውስጥ፣ ብቻውን ነው የሚጣለው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቷ ጨቅላ አባ ሳይደርሱለት አረፈ። እናትየው እግራቸው ላይ ብትወድቅ፣ «ለሞተ ጥምቀት የለም፤ ሕጉ ነው» ብለው ውሃቸውን ይዘው ተመለሱ።

«እማማ ቡላዋን! ውሻሽን ያዢልኝ!»

«መሰላሉን ይውጡ አባ፣ ጥርስ የለውም። እንደ እኔና እንደ እርስዎ ነው።»

«ጥርሱ ቢያልቅ ክፋቱ አላለቀም። እሱም እንዳንቺ!»

የቀርከሃው መሰላል ሲንቋቋ ሰማች። አባ በባዶ እግራቸው፣ ጭቃቸውን እየጎተቱ፣ የውሃ ቅላቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ገቡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ምሰሶውን ተደገፉ።

«ልጁስ?»

«ይኸው፣ ተኝቷል። አይቀስቅሱብኝ እንጂ።»

በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ አልጋው ሄዱ። አውራ ጣታቸውን ግንባር ይሆናል ባሉት ላይ አሳረፉ።

«ምነው ቀዘቀዘ? ይሄ ሕመም እሳት አይደለም እንዴ?»

«አሁን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌው ነው።»

የግንዱ ዝልግልግ ፈሳሽ ጣታቸው ላይ ተጣበቀ። አሹትና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። በዚያው ቅጽበት ከሰሌኑ ጀርባ ልጁ አቃሰተ።

«ድመቷ ናት» አለች ቡላዋን፣ ሳትጠየቅ።

«ድመትሽ እንዲህ ታቃስታለች?»

«አርጅታለች አባ። እኔስ ሌሊቱን ሙሉ ሳቃስት አይደል የማድረው?»

አባ ጋስፓር ሳቁ። ፈንጣጣው ከገባ ወዲህ ሲስቁ ያየቻቸው ዛሬ ብቻ ነው። ሳቁ ግን ወዲያው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

«ማን እንበለው?»

አፏ ላይ የመጣላትን ጠራች። የግብር ሰብሳቢው ስም ነበር። ሞት ከተሳሳተም ሄዶ እሱን ይውሰድ። «ሉካስ።»

ውሃውን ከቅሉ ከአልጋው አጠገብ ወዳለ የኮኮናት ቅርፊት ገለበጡ። ሉካስ ብለው፣ ከጥምቀቱ ጸሎት አንድ ቃል ሳያጎድሉ በግንዱ ላይ አፈሰሱ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሞት ሉካስ የት አለ ብሎ ቢመጣ፣ ሉካስ ይኸው» አሉ።

ቡላዋን አፏን ያዘች። ያወቁባት መሆኑን ያኔ ተረዳች። «አባ... ኃጢአት አይሆንብዎትም?»

«ይሆንብኛል።» ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። «ሕመሙ ከገባ ወዲህ ውሃ ካፈሰስኩባቸው ውስጥ የዳነ አንድ ልጅ ታውቂያለሽ? አንቺ ሁሉንም ቤት ታውቂያለሽ። እኔ አስቤ አስቤ አጣሁ። አንድ ብቻ ጥሪልኝ።»

አሰበች። ቤቶቹን በልቧ ከወንዙ አፍ እስከ ኮረብታው ዞረቻቸው። ለእሳቸው ስትል መዋሸት ፈለገች፤ ግን የማንን ልጅ ትጥራ? ዝናቡ የሳር ክዳኑን ይደበድባል። ከሽርጡ ላይ ውሃው በቀርከሃው ወለል ክፍተት እየሾለከ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም።

ሌላ ድምፅ የለም።

«ድመቷ ዝም አለች» አሉ አባ ጋስፓር፣ ቀስ ብለው።

ግርዶውን ገንጥላ ገባች። ልጁ አንገቱ ወደ ቅርጫቱ ጠርዝ ዘንበል ብሏል፤ ሩዝ ጉንጩ ላይ ተጣብቋል። አቅፋው ወጣችና ጭናቸው ላይ አኖረችው። ቅርፊቱን ከወለሉ አንስታ እጃቸው ውስጥ ጨመረችው። ከሥሩ ጥቂት ውሃ ቀርቷል።

«ያፍስሱ! ቶሎ ያፍስሱ!»

አባ ጆሯቸውን በልጁ አፍ ላይ ደፉ። ቆዩ። እጃቸውን በደረቱ ላይ አሳረፉ። ደግሞ ቆዩ።

«ትኩስ ነው አባ፣ ይዳስሱት፣ ገና ትኩስ ነው! እናቱ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ናት፤ እንዴት ብቻውን ማዶ ይጣል? እኔ ነኝ የሸሸግኩት፣ እሱ ምን አደረገ?»

እሳቸው ልጁን መልሰው አስታቀፏት።

«ለሙዝ ግንድ ያፈሰስከውን ልጄን ትነሳዋለህ?» አንተ ብላቸው አታውቅም ነበር። «ለግንድ! ለግንድ አፍስሰህ!»

አባ ቅርፊቱን ውሃው እንዳይደፋ አድርገው፣ የእሷ እጅ ከሚደርስበት ወለል ላይ አስቀመጡ፤ ምሰሶውን ይዘው ተነሡ። መሰላሉን በእግራቸው እየፈለጉ ወደ ዝናቡ ወረዱ። ውሻው እንኳ አልጮኸባቸውም።