የስደተኛው ቃል

ብራስልስ ውስጥ የስደተኞች ጠበቃ ናት። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ወጣት ከመተማ እንዴት እንደወጣ፣ የሸመደደው ትምህርት ይመስል ሳይደናቀፍ ነገራት። ከታናሽ እህቱ ጋር በጭነት መኪና፣ በሰሊጥ ጆንያዎች መሀል ተደብቀው ነበር። ፈታሾቹ ሲጠጉ እሷን ለማትረፍ ብቻውን ወርዶ እጁን ሰጠ።

«ጆንያዎቹ ምን ምን ይሸቱ ነበር?» አለችው።

ወጣቱ ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረላት።

«ይህ ያንተ ታሪክ አይደለም። ማን ነገረህ? እውነቱን ካወጣህ ጉዳይህን አልተውም።»

«ገዳሪፍ አብሮኝ የነበረ ሰው ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እህቱን እስካሁን ያፈላልጋል።»

«ስሟን ነግሮሃል?»

«ድንቡሼ ነው የሚላት።»

ጠበቃዋን በዚህ ስም የሚጠራት ወንድሟ ብቻ ነበር። ተዝካሩን ካወጣች ዓመታት አልፈዋል።