ትልቁ ዲናሞ

ታናሽ ወንድሜ፣ "ጋሼ፣ የአሮጌው ጂፔ ዲናሞ ባትሪውን ለመሙላት አቅም አንሶታል፤ ተለቅ ያለ ግጠምልኝ" ብሎ ስንቴ ለመነኝ። እኔ የመኪና ኤሌትሪሺያኑ፣ "ይሄው ይበቃሃል" እያልኩ ሸኘሁት። በረሃ ላይ የባትሪው ኃይል አልቆበት፣ በመገናኛ ሬዲዮው ሰው እንኳ መጥራት ሳይችል በውሃ ጥም ሞተ።

ዛሬ ጠዋት ትልቁን ዲናሞ እዚያው ጂፑ ላይ ገጠምኩ። ማሰሪያውን ሞርጄ፣ ወፍራም የኤሌትሪክ ገመድ ዘርግቼ፣ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ ወጠርኩ።

"አሁን ምን ይፈይዳል?" አለችኝ ሚስቱ፣ መሪው ጋ ተቀምጣ።

"እስቲ አስነሺው" አልኳት።

ሞተሩ ተነሳ። የመገናኛ ሬዲዮውም በራ።

"ጋሼ" አለ የወንድሜ ድምፅ፣ "አሁን መብራት መጣልኝ። ቶሎ ድረስልኝ።"

"አጥፊው!" ብዬ ጮህኩ።

ቁልፉን ነቅላ መዳፏ ላይ ይዛዋለች፤ ሞተሩም ፀጥ ብሏል። ሬዲዮው ግን አልጠፋም።

"ጋሼ፣ ትሰማኛለህ?"

"መጣሁ በለው እንጂ" አለችኝ እያለቀሰች።