ደርባን ያልገባችው መርከብ

ዱካሞ የብርድ ልብስ ጥቅል ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ሰላም ሊላት ሱቋ ጎራ ሲል፣ ስንዱ መጀመሪያ ያየችው ሰውየውን አልነበረም፤ ጥቅሉን ነው። አዲስ ነው። ላስቲኩ እንኳ አልተከፈተም።

«እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ!» አለ ዱካሞ። ቮስሎሩስ የሚባል ሰፈር ሱቅ አለው፤ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚገዛው ከእሷ ነበር። «ዘንድሮ እላይ ፎቅ ካለው ከኪዳን ሱቅ ገዛሁ፤ እንዳትቀየሚኝ። ጠብቄ ጠብቄሽ ቢያቅተኝ ነው።»

«እሱስ ከየት አመጣው? ወደቡ አድማ ላይ አይደል እንዴ?»

«ደርባንማ ዝግ ነው። መርከቧ ባሕር ላይ ቆማ ቆማ ሲሰለቻት ጎረቤት አገር ማፑቶ ወደብ ሄዳ፣ የጠየቀውን ሰው ዕቃ አራግፋ ተመለሰች አሉ።» ፈገግታው ጠፋ። «ያንቺስ አብሮ አልወረደም? በአንድ መርከብ፣ በአንድ ትራንዚተር አይደል ያስጫናችሁት?»

ስንዱ ክው አለች። መርከቧ ላይ ያለውን የብርድ ልብስ ኮንቴይነር ለመሙላት ቤሪያ ሰፈር የነበረውን ሱቋን ሸጣለች። የቀረቻት ይቺ ጀፕስታውን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ እሷም መደርደሪያዋ ባዶ ነው። ሙቀት ከገባ ደግሞ ብርድ ልብስ ማን ዞሮ ያየዋል? ትራንዚተሩም ባዳ አይደለም፣ ሀይለየሱስ ነው፤ ልጇን ክርስትና ያነሳው አበልጇ። ትናንት እዚሁ ቆሞ «አበልጄ፣ መርከቧ ደርባን ገብታ ከሆነ ማተቤን በጥሻት!» ብሎ ምሎላታል።

እሱም ሩቅ አልነበረም። ከኪዳን ሱቅ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወረደ። ዱካሞ ነገሩ ሲገባው በአገሩ አራዳ ቋንቋ «ሻርፕ፣ እህቴ» ብሎ ተሰናብቶ፣ ጥቅሉን አቅፎ ሹልክ አለ።

«አበልጄ፣ መርከባችንስ?» አለች ስንዱ ድምጿን ለስለስ አድርጋ።

«ምን መርከብ አለ ብለሽ! መርከብ ሁሉ እንደ ታክሲ ወረፋ ይዞ ቆሟል። እነዚህ የወደብ ሠራተኞች እንደሆነ ጨክነዋል።» እጁ ወደ አንገቱ ሄደ። «ደርባን ገብታ ከሆነ ይቺን ማተብ...»

«ደርባን መቼ አልኩህ?»

ሀይለየሱስ እጁን ከማተቡ ላይ አነሳ።

ስንዱ አሁን ነው የገባት። ሰውየው በሐሰት አልማለም። ቃሉን መርጦ፣ ለክቶ ነው የማለው። ለእግዜር ተጠንቅቆ እሷን ሸወዳት! ዓይን አውጥቶ ቢዋሻት ይሻላት ነበር።

«ማፑቶ ላይ የኔን ለምን አላስወረድክም?»

«ከባድ መኪና ጠፋ፣ ስንዱዬ። የተገኘው ለአንድ ሰው ዕቃ ብቻ ነው። ኪዳንን ባስቀረው በማግስቱ ሌላ ትራንዚተር ይይዛል፤ ባዳ መች ይታገሣል! አንቺ ግን...» ሊያባብላት ፈገግ አለ። «አንቺ ትታገሺኛለሽ ብዬ ነው። አበልጅ ለመቼ ነው?»

ወይ ጉድ! ባሕር ላይ ያስቀራት ለካ ዝምድናው ነው። ባዳ ብትሆን ኖሮ ይኼኔ ዕቃዋ እየተሸጠ ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው። ልትጮህበት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ከደነችው።

«አይዞሽ» አለ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮ። «አድማው ይለቅ እንጂ ቀድሞ የሚወርደው ያንቺ ነው።»

«እርስዎ ወረቀቶቼን ይመልሱልኝ» አለች ስንዱ። «ሌላ ትራንዚተር እይዛለሁ።»

ሀይለየሱስ ከኋላው ትልቅ ሰው የገባ መስሎት ዞሮ በሩን አየ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።