በእግር የታጠበ ጋቢ

ቤቶች እንደ ሰው እየተናገሩ ሥራውን ሁሉ ራሳቸው መሥራት ከጀመሩ ወዲህ፣ ስኳርና ግፊት ያለባትን ሴት ልቧ እንዳይደክም ብለው ከወንበር አያስነሷትም። እትዬ የሺሐረግም ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ሲሉ ኖሩ። ትናንት ግን የልጅነት ባልንጀራቸውን ለመቅበር ወጥተው፣ ገና ከሰፈር ሳይርቁ ጉልበታቸው ከዳቸውና ሳይቀብሯት ተመለሱ።

ዛሬ ማለዳ ትልቁን ሳፋ አወጡ። ጋቢያቸውን በሳሙና ዘፈዘፉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው በእግራቸው ይረግጡት ጀመር።

"እትዬ፣ እባክዎ ይቀመጡ" አለ ቤቱ።

"አንተ ተቀመጥ!"

ላባቸው ጠብ ጠብ ሲል ልጃቸው ማዕዶት ደወለች። "እማዬ፣ ልብሽ በኃይል እየመታ ነው አለኝ ቤቱ! ምን ሆንሽ?"

"ይምታ እንጂ! የቆመ ዕለት ትደውያለሽ" አሉና፣ ንጹሑን ብርድ ልብስም ከአልጋው ገፈው ሳፋው ውስጥ ጨመሩት።