ምን እያነበብሽ ነው?

ተዋበች ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ከደብተሩና ከእስክሪብቶው ጀርባ ልብ ወለድ ደርድራ ታከራያለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጇ ሶስና ኩዌት ሄዳ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች።

የሶስና የእረፍት ቀን ዓርብ ነው። ከሰዓት በኋላ ትደውላለች። ሰላምታው ሲያልቅ ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ምን እያነበብሽ ነው?»

ልምዳቸው ነው። ሶስና ያደገችው እዚያ መደርደሪያ ሥር ተቀምጣ ነው። ተዋበች ታሪካዊ ልብ ወለድ ትወዳለች፤ መጽሐፍ ውስጥ ንጉሥ ሲሞትባት ታለቅሳለች። ሶስና ወንጀል ነው የምትወደው። ገዳዩን ከመርማሪው ቀድማ ካላወቀች ያማታል።

ሱቁ ውስጥ ሌላም ወንጀል ወዳድ አይጠፋም። መንግሥቴ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መደርደሪያው ላይ ያለውን የወንጀል መጽሐፍ በሙሉ ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ይዞታል። ዓርብ ዓርብ የተዋበችን ስልክ ይዞ በር ላይ ቆሞ ኔትወርክ የሚጠብቀውም እሱ ነው። ሲመጣ «መጣ!» ብሎ ይጮኻል።

መስከረም ላይ ሶስና አዲስ መጽሐፍ ጀመረች።

«አንዲት ልጅ ሰው አገር ሄዳ ትቀጠራለች» አለች። «ቤቱ ትልቅ ነው። አንዱ ክፍል ግን ሁልጊዜ እንደተቆለፈ ነው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ገና አልደረስኩበትም። ያንቺስ?»

«እኔ ዘንድሮ የፍቅር ይዣለሁ።»

«አንቺ? የፍቅር?» ሶስና በሳቅ ፈረሰች።

«ምነው፣ ቢያምረኝስ! ባሏ የሞተባት ሴትዮ ናት። አንድ እህል ነጋዴ ይመላለስባታል። ይኸው ነው። ይልቅ የልጅቱን ነገር ንገሪኝ።»

በሚቀጥለው ዓርብ የልጅቱ ነገር ከፋ። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ወስዳ ቆለፈችበት። ከዚያ በኋላ ባለው ዓርብ ደግሞ ልጅቱ እናቷ ጋ ደውላ ደህና ነኝ ብላ ዋሸች።

ተዋበች ይሄን ስትሰማ ሳቋ ጠፋ። ስልኩን ዘግታ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ይሄ መጽሐፍ አይደለም» አለች። «ራሷን ነው እየነገረችኝ ያለች።»

«ኧረ ልብ ወለድ ነው!» አለ መንግሥቴ። «እኔ እንዲህ ያለ ስንቱን አንብቤያለሁ።»

«እርስዎ አያውቁም። ሰው ፊት ለፊት ለመናገር ያፈረውን፣ መጽሐፍ አነበብኩ እያለ ነው የሚያወራ።»

መንግሥቴ ቀና ብሎ አያት። ተዋበች ተነሥታ መደርደሪያውን መወልወል ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣች። ሰማያዊ እስክሪብቶ ሲጠይቋት ቀይ ትሰጣለች። መልስ ስትቆጥር በአገሯ ቋንቋ በኽምጣኛ ከራሷ ጋር ስታወራ ደንበኞቿ ሰምተዋታል። ሶስናን በቀጥታ እንዳትጠይቃት አሠሪዎቹ አጠገቧ ቢኖሩስ ብላ ፈራች። ስለዚህ በዓርቡ ስልክ ነገሩን በዘዴ ጀመረችው።

«የኔ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ለልጇ የደበቀችው ነገር አለ» አለች። «መናገር ፈርታለች። ምን ትያለሽ፣ ብትናገረው አይሻልም?»

«ይሻላል እንጂ!» አለች ሶስና። «ምን ያስፈራታል? ልጇ አትበላት! ይልቅ የኔዋን ጉድ ስሚ። ልጅቱ ከሦስተኛ ፎቅ በመስኮት ልትወጣ አንሶላ እየቋጠረች ነው። እግሯን አውጥታ...»

ኔትወርኩ ጠፋ።

ተዋበች ጮኸች። መንግሥቴ ከበሩ ላይ እየሮጠ ገባ።

«አይዞሽ ተዋቡ! አይዞሽ!» አለ። «የእህቴ ልጅ እታገኝ እዚያው ኩዌት ናት። እኔ እደውልላታለሁ። ቤቱ ድረስ ሄዳ በዓይኗ ታያታለች።»

እታገኝም የምትወጣው ዓርብ ብቻ ስለሆነ ያ ሳምንት አላልቅ አለ። ዓርብ ተዋበች ሱቁን ሳትከፍት ስልኩን ታቅፋ ተቀመጠች። መንግሥቴም አጠገቧ ሆኖ አንድ ገጽ ላይ ፈዞ ቀረ።

ስልኩ ሲጮህ የቪዲዮ ነበር። ሶስናና እታገኝ ባሕር ዳርቻ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አይስክሬም ይበላሉ። አሮጊቷ አሠሪዋ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ሆነው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

«እማዬ፣ ይቺን ማን ላካት?» አለች ሶስና እየሳቀች። «በሩን ስከፍትላት አንቄ ካላወጣሁሽ አለችኝ! ማዳም ሌባ መጣ ብለው ፖሊስ ሊጠሩ ነበር!»

«ፓስፖርትሽስ?» አለች ተዋበች።

ሶስና ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት። ከዚያ የሚያወሩበትን ስልክ ለእታገኝ አስይዛ በራሷ ስልክ ላይ መጽሐፉን ከፈተች፤ ሽፋኑን፣ የመጀመሪያውን ገጽ፣ የመስኮቱን ምዕራፍ አሳየች። አንሶላውም፣ ሦስተኛው ፎቅም እዚያው ተጽፎ ነበር። ተዋበች እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ትስቅ ጀመር።

«ልጅቱ አመለጠች?» አለ መንግሥቴ አንገቱን ከኋላ አስግጎ።

«አመለጠች፣ ጋሽ መንግሥቴ! ወንጀለኛውም ሐኪሙ ነው!»

«ጠርጥሬ ነበር!» አለ መንግሥቴ ጭኑን መትቶ።

እናትየዋ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ እታገኝን መረቀች፤ ማዳምንም በማያውቁት ቋንቋ መረቀቻቸው። ሶስና እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«የኔውስ ልብ ወለድ ነበር፣ አለቀ» አለች። «አንቺና የመጽሐፍሽ እህል ነጋዴ፣ ጋሽ መንግሥቴ፣ ግን ሠርጋችሁን ከዐቢይ ጾም በፊት አድርጉት፤ ፈቃድ ጠይቄ እመጣለሁ።»